ደስታ (የከብት በሽታ)

ይህ መጣጥፍ ስለ ከብት በሽታው ነው፤ ስለ ሰው ስሜት አይደለም። በመጣጥፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደስታ የቀንድ ከብትን፣ ጎሽንና ሌሎች ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን ያጠቃ የነበረ፣ በቫይረስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነበር። በሌሎች ቋንቋዎች ሪንደርፔስት ይባላል። ቃሉ የጀርመንኛ ሲሆን ትርጉሙ «የከብት መቅሠፍት» ማለት ነው። በሽታው ቀድሞ አይቶት ወደማያውቅ መንጋ ሲገባ ከአሥር ከብት ስምንቱን ወይም ዘጠኙን ሊገድል ይችል ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ «ክፉ ቀን» ተብሎ ለሚታወቀው ረሃብ ዋና ምክንያት የሆነውም ይኸው በሽታ ነው።

ደስታ ከዓለም ገጽ መጥፋቱ በ2011 በይፋ ታውጇል። በዚህም ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ፣ ከእንስሳት በሽታዎች ደግሞ የመጀመሪያው ሆኗል። ለመጥፋቱ የእንስሳት ሕክምና ብቻውን አልበቃም። የክትባት ዝግጅት ሙያ፣ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት፣ ሒሳብና የአርብቶ አደሮች ዕውቀት አንድ ላይ መሥራት ነበረባቸው።

የበሽታው ጠባይ

የደስታ ቫይረስ የሰው ኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሞርቢሊቫይረስ በሚባለው ወገን ይመደባሉ። የውሾች ዲስቴምፐርና የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታም ከዚሁ ወገን ናቸው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በ1912 በበርሊን ከሞተ የኩፍኝ በሽተኛ ሳንባ የተገኘውን የቫይረስ ዘረመል ካነበበ በኋላ፣ ኩፍኝና ደስታ ከአንድ ግንድ የተለያዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሊሆን እንደሚችል በኮምፒውተር ስሌት ገምቷል። ስለዚህ የሰው ልጅ ኩፍኝን ያገኘው ከከብቱ ሳይሆን አይቀርም።

የታመመ ከብት በመጀመሪያ ከፍተኛ ትኩሳት ይይዘዋል፤ መብላትና ማመስኳት ያቆማል። ቀጥሎ ዓይኑና አፍንጫው ይፈስሳል፣ አፉ ውስጥ ቁስል ይወጣል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል። ከዚያ ብርቱ ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ በሰውነቱ ያለው ውኃ አልቆም ብዙውን ጊዜ ምልክቱ ከታየ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። አንዴ የያዘውን ከብት የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። ያለው አማራጭ እንዳይያዝ መከላከል ብቻ ነበር።

በሽታው በዋናነት ይተላለፍ የነበረው ጤነኛው ከብት ከታመመው ጋር ሲቀራረብ፣ በአንድ ገንዳ ውኃ ሲጠጣ ወይም በአንድ በረት ሲያድር ነው። ቫይረሱ ከእንስሳው ሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ ፀሐይና ድርቀት ቶሎ ይገድሉታል። ስለሆነም ወረርሽኙ ከአገር አገር የሚሻገረው በእግር ከሚነዳ ወይም በመርከብ ከሚጫን ከብት ጋር ነበር። የንግድ መንገድና የጦር ሠራዊት ጉዞ ሁልጊዜ የበሽታው መንገዶች ነበሩ።

ቀደምት ታሪክ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሽታው አውሮፓን ደጋግሞ መታት። በ1711 ወደ ኢጣልያ ሲገባ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት የቀሌምንጦስ 11ኛ ሐኪም የነበረው ጆቫኒ ማሪያ ላንቺዚ የታመሙ ከብቶች እንዲታረዱና በኖራ ተሸፍነው እንዲቀበሩ፣ የከብት ዝውውርም እንዲታገድ አዘዘ። ስለ ቫይረስ የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ዘመን የወጣው ይህ ደንብ እስካሁን ድረስ ለብዙ የእንስሳት ወረርሽኞች መከላከያ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

በፈረንሳይ በ1762 በሊዮን ከተማ ክሎድ ቡርዥላ የከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በዓለም የመጀመሪያው ዘመናዊ የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት ቤት ነው። ከተከፈተባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህንኑ የከብት ወረርሽኝ መዋጋት ነበር። በኔዘርላንድ ደግሞ ኼርት ሬይንደርስ የተባለ ገበሬ በ1770ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከበሽታው የዳኑ ላሞች የሚወልዷቸው ጥጆች ለተወሰነ ጊዜ በቀላሉ አይታመሙም ነበር። እናት ለልጇ የበሽታ መከላከያ አቅም እንደምታስተላልፍ ከተገነዘቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ይህ ገበሬ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ መግባቱና ክፉ ቀን

በሽታው ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው በ1887 በምጽዋ ወደብ በኩል ነው። የኢጣልያ ጦር ለስንቅና ለጭነት ከባሕር ማዶ ባስመጣቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ከዚያ በሽታው ወደ ደጋው ወጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከሰሜን ወደ መሐል አገርና ወደ ደቡብ ተዛመተ። ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንደሞተ ይገመታል።

የከብቱ ሞት ረሃብ የሆነበትን መንገድ ለመረዳት በደጋው እርሻ ውስጥ የበሬን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። በሬ ከሌለ ማረሻ አይሄድም፤ ማረሻ ካልሄደ ዘር አይዘራም። ስለዚህ እህሉ በድርቅ ባይጠፋ እንኳ የሚያርስ አልነበረም። በዚያ ላይ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው ይህ ዘመን «ክፉ ቀን» ተባለ። በወቅቱ የሞተውን ሕዝብ የቆጠረ ባይኖርም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንዳለቀ ይናገራል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በሬ ያጣው ገበሬ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ በታሪክ ተመዝግቧል። በአርብቶ አደሩ አካባቢም ጉዳቱ ከዚህ አላነሰም። የአርብቶ አደር ምግቡም ሀብቱም ከብቱ ስለሆነ፣ ከብቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ኑሮ የሚሻገርበት ድልድይ አልነበረውም።

በተቀረው አፍሪካ

ወረርሽኙ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ገሰገሰ። በምሥራቅ አፍሪካ የማሳይ ሕዝብ አብዛኛውን ከብቱን አጣ። በ1896 በሽታው የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ደቡባዊ አፍሪካ ገባ፤ ከወንዙ በስተ ደቡብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ከብት እንደሞተ ይገመታል። የጭነት ሠረገላዎች በበሬ ይጎተቱ ስለነበር ንግዱም ቆመ። ወረርሽኙን ለማስቆም የሽቦ አጥር ቢታጠርም አልገታውም።

የዱር እንስሳትም አልተረፉም። ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ አጋዘንና ዊልደቢስት በብዛት አለቁ። በታንዛንያ የሰረንጌቲ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በአካባቢው ያሉ የቤት ከብቶች ሲከተቡ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዊልደቢስት ቁጥር በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ዱር እንስሳቱን የከተበ ሰው አልነበረም። ይህም በሽታው በዱር ውስጥ ብቻውን ለረጅም ጊዜ መኖር እንደማይችልና ምንጩ የቤት ከብት መሆኑን አስረዳ። ይህ ግኝት በኋላ ለማጥፋቱ ዘመቻ ወሳኝ ሆኗል፤ ከብቱን መከተብ ከተቻለ ጫካውን ማሳደድ አያስፈልግም ነበርና።

የክትባት ምርምር

በ1896 መጨረሻ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሊ ከተማ ምርምር ጀመረ፤ በበሽታው ከሞተ ከብት የተወሰደ ሐሞት ጤነኛ ከብት ሲወጋ መከላከያ ሊሰጥ እንደሚችልም አስታወቀ። በዚያው ዘመን አርኖልድ ታይለርና ሌሎች ተመራማሪዎች ከዳነ ከብት የተገኘ የደም ውኃ ከቫይረሱ ጋር አብሮ የመስጠትን ዘዴ አዳበሩ። ዘዴው ቢሠራም አደገኛ ነበር፤ ሕያው በሽታ መስጠት ማለት ነውና። በ1902 ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ በቁስጥንጥንያ ባደረጉት ሙከራ የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ አሳዩ። መንስኤው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው።

በ1920 ከሕንድ ወደ ብራዚል ሲጓዙ በቤልጅግ አንትወርፕ ወደብ ባረፉ ከብቶች ምክንያት በሽታው እንደገና አውሮፓ ውስጥ ተነሣ። ድንጋጤው አገሮችን አሰባሰበ፤ ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚባለው ተቋምም በጥር 1924 በፓሪስ ተመሠረተ።

በ1920ዎቹ በሕንድ ጄ. ቲ. ኤድዋርድስ ቫይረሱን ከፍየል ወደ ፍየል ደጋግሞ በማሳለፍ ለከብት ያለውን ኃይል አደከመው። በ1930ዎቹ ጃፓናዊው ጁንጂ ናካሙራ በጥንቸል ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። እነዚህ ክትባቶች ብዙ ከብት አድነዋል፤ ለአንዳንድ የከብት ዝርያዎች ግን አሁንም ብርቱ ነበሩ፤ የተከተበው ከብት ራሱ ይታመም ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከኬንያ ነው። ዋልተር ፕላውራይትና የሥራ ባልደረባው አር. ዲ. ፌሪስ ናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ድርጅት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቫይረሱን በላቦራቶሪ ውስጥ በጥጃ የኩላሊት ሕዋስ ላይ ማሳደግ ጀመሩ። ከአንዱ የሕዋስ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ወደ 90 ጊዜ ያህል ካሻገሩት በኋላ ቫይረሱ ከብት ማሳመም አቆመ፤ የመከላከያ አቅም መስጠቱን ግን አላቆመም። ክትባቱ ለሁሉም የከብት ዝርያና ዕድሜ የሚሆን፣ ርካሽ፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሆነ። ፕላውራይት ለዚህ ሥራው በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሏል። በ2010 በማረፉ የበሽታውን መጥፋት ይፋዊ አዋጅ ግን አልሰማም።

የመጀመሪያው ዘመቻና መክሸፉ

ጥሩ ክትባት ከተገኘ በሽታው ይጠፋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከ1962 እስከ 1976 ድረስ የጋራ ፕሮጀክት 15 በሚል ስም ከ20 በላይ በሆኑ የአፍሪካ አገሮች ከብት በገፍ ተከተበ። በሽታው ከአብዛኛው አህጉር ጠፋ። ነገር ግን ወረርሽኙ ሲቀንስ ገንዘቡም ትኩረቱም ቀነሰ፤ ክትባቱም ተቋረጠ። ቫይረሱ ግን በአንዳንድ ሩቅ አካባቢዎች ተርፎ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል የኢትዮጵያና የሱዳን ቆላማ ቦታዎች ይገኙበታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተረፈበት ወጥቶ እንደገና ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አፍሪካ አህጉሩን አዳረሰ።

ከዚህ ውድቀት ሁለት ትምህርት ተገኘ። አንደኛ፣ «ሊጠፋ ተቃርቧል» ማለት «ጠፍቷል» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ የተከተበው ከብት ቁጥር ብዛት ብቻውን ውጤት አያሳይም፤ ያልተከተበው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። በየዓመቱ በመኪና መንገድ ዳር ያለው መንጋ ደጋግሞ ሲከተብ፣ መኪና የማይደርስበት መንጋ ግን ሳይነካ ይቀር ነበር።

በ1986 የፓን አፍሪካ የሪንደርፔስት ዘመቻ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት የእንስሳት ሀብት ቢሮ አስተባባሪነትና በአውሮፓ ማኅበረሰብ ዋና ድጋፍ ተጀመረ። በ1994 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዓለም አቀፉን የማጥፊያ ፕሮግራም አቋቁሞ 2010ን የመጨረሻ ቀነ ገደብ አደረገ።

ሙቀት የሚቋቋመው ክትባት

የፕላውራይት ክትባት አንድ ደካማ ጎን ነበረው፤ ሙቀት አይችልም። ከፋብሪካ እስከ ከብቱ ድረስ በቅዝቃዜ መጓዝ ነበረበት። ይህም ፍሪጅ፣ በረዶ፣ የሚቀዘቅዝ ሳጥን፣ መኪናና ነዳጅ ይጠይቃል። የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ፣ መንገድ በሌለበት፣ ጦርነት ባለበት አካባቢ ይህ ሰንሰለት በቀላሉ ይበጠሳል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ቫይረስ ይሞታል፤ ከታቢው ግን ይህን በዓይኑ አያይም። ከብቱ የተከተበ ይመስላል እንጂ አልተከተበም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነር ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ችግር ያዘ። አዲስ ቫይረስ አልፈለገም፤ የፕላውራይትን ቫይረስ እንዳለ ወስዶ አሠራሩን ለወጠ። የሚያድግበትን ሕዋስ ቬሮ በሚባል የጦጣ የኩላሊት ሕዋስ ተካው። ከቫይረሱ ጋር የሚቀላቀለውን የስኳርና የፕሮቲን ማረጋጊያ አስተካከለ። ክትባቱ በበረዶነት እያለ በአየር አልባ ክፍል ውስጥ የሚደርቅበትን ጊዜም አራዘመው። እርጥበቱ በጣም ሲቀንስ ቫይረሱ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ጨመረ። ውጤቱ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ወር ያህል ያለ ፍሪጅ የሚቆይ ክትባት ሆነ። አንድ ሰው በትከሻው አንግቶ ለቀናት በእግሩ ሊጓዝ የሚችልበት ክትባት ነበር።

የአፋር ተሞክሮ

ክትባቱ በእግር መጓዝ ከቻለ ቀጣዩ ጥያቄ ማን ይሸከመው የሚለው ነበር። የመንግሥት የክትባት ቡድኖች በመኪና ይሄዱ ነበር፤ አርብቶ አደሩ ግን ሣርና ውኃ ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ቡድኑ ሲደርስ መንጋው ሌላ ቦታ ነው። በኢትዮጵያ ደጋው በተደጋጋሚ ክትባት ከበሽታው ሲጸዳ ቫይረሱ በአፋር አካባቢ እየኖረ አልፎ አልፎ ወደ ሌላው ይወጣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ ስልት ተለወጠ፤ በሁሉም ቦታ በገፍ ከመከተብ ይልቅ ቫይረሱ የሚደበቅባቸውን ቦታዎች ለይቶ መምታት ተመረጠ።

በ1994 በአፋር ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ሆኑ። ሙቀት የሚቋቋመውን ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር ተጓዙ። 20 ያህል ሠራተኞች ወደ 73,000 ከብት ከተቡ። ከዚያ በተደረገ የደም ምርመራ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከብት የመከላከያ አቅም እንዳገኘ ታየ። በመኪና ይሰጥ የነበረው ክትባት ለዓመታት ያላሳካው ውጤት ነው። ከ1995 በኋላ በአፋር፣ በኢትዮጵያም በአጠቃላይ፣ የደስታ ወረርሽኝ አልታየም። በደቡብ ሱዳንም በጦርነቱ መካከል በተመሳሳይ መንገድ በ1993 ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ከብት ተከትቧል።

ይህ አሠራር ሲጀመር ተቃውሞ ነበረው። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው መርፌና ክትባት መያዝ የለበትም ብለው ይከራከሩ ነበር። የደም ምርመራው ውጤት ግን ክርክሩን በቁጥር መለሰው። አርብቶ አደሩ ከብቱን በስም ያውቃል፤ መንጋው በየትኛው ወር የት እንደሚውል ያውቃል፤ የሚታዘዘውም ለሚያውቀው ሰው ነው። ከብቱ መቼ እንደታመመና ምን ምልክት እንዳሳየም ከማንም በላይ ያስታውሳል። ይህን ዕውቀት በዘዴ ጠይቆ፣ አመሳክሮና መዝግቦ በሽታ የመፈለጉ ሥራ አሳታፊ የበሽታ ጥናት ተብሎ በዘመቻው ውስጥ አደገ። ዛሬም ለሌሎች በሽታዎች ያገለግላል።

የሒሳቡ ድርሻ

ስንት ከብት ቢከተብ ይበቃል? ይህን ጥያቄ የመለሰው ሒሳብ ነው። አንድ የታመመ ከብት ምንም መከላከያ በሌለው መንጋ ውስጥ በአማካይ ለስንት ሌሎች ያስተላልፋል የሚለው ቁጥር መሠረታዊ የመዛመት ቁጥር ይባላል። ቁጥሩ 4 ነው እንበል። አንድ የታመመ ከብት አራት ሌሎችን ይይዛል ማለት ነው። ከአራቱ ሦስቱ የተከተቡ ከሆኑ በሽታው ወደ አንድ ብቻ ይተላለፋል፤ ከሦስት በላይ ከተከተቡ ደግሞ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከ75 በመቶ በላይ መከላከያ ነው። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ ግን ከ33 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል።

ተመራማሪዎች ከአርብቶ አደሮች ትዝታ፣ ከደም ምርመራና ከኮምፒውተር ሞዴል ተነሥተው ሲያሰሉ በደቡብ ሱዳን የነበረው ብርቱ የቫይረስ ዝርያ ቁጥሩ 4 ገደማ፣ በሶማሌ አካባቢ የነበረው ለስላሳ ዝርያ ደግሞ ከ2 በታች ሆኖ አገኙት። ለስላሳው ዝርያ ብዙ ከብት ስለማይገድል ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ ሊኖር ይችል ነበር። በኬንያ የጻቮ ፓርክ በ1994 ጎሾችና አጋዘኖች ሲሞቱ፣ ለሦስት አሥርት ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ የነበረው ይኸው የዘር ሐረግ መሆኑ በዘረመል ንባብ ታውቋል። ዝቅተኛ ሽፋን ያለው ክትባት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ቫይረሱን ሳያጠፋ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል።

መጥፋቱን ማረጋገጥ

አንድ ነገር መኖሩን ማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃዋል፤ አለመኖሩን ማሳየት ግን ከባድ ነው። በደስታ ላይ ችግሩን የሚያባብስ ነገር ነበር። የተከተበ ከብትና ታሞ የዳነ ከብት በደማቸው ውስጥ የሚገኘው የመከላከያ ምልክት አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ክትባት እየተሰጠ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን በደም ምርመራ ማወቅ አይቻልም። አገሮች በሽታው መጥፋቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ መከተብ ማቆም ነበረባቸው። ክትባት ማቆም ደግሞ መንጋውን ያለ ጋሻ መተው ስለሆነ ድፍረት ይጠይቃል።

ከዚያ ክትባቱ ከቆመ በኋላ የተወለዱ ከብቶች ደም ይመረመራል። ከእነዚህ አንዱ ምልክት ቢገኝበት ቫይረሱ አለ ማለት ነው። በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሥርዓት መሠረት አገሮች ደረጃ በደረጃ ማስረጃ እያቀረቡ ነጻነታቸው ታወቀ። ኢትዮጵያ ከቫይረሱ ነጻ መሆኗ የታወቀው በ2008 ነው። በእስያ የመጨረሻው ወረርሽኝ በፓኪስታን በ2000 ታየ። በዓለም የመጨረሻው የተረጋገጠ ደግሞ በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሾች ላይ የታየው ነው። ግንቦት 25 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት፣ ሰኔ 28 ቀን ደግሞ ፋኦ የበሽታውን ከዓለም መጥፋት አወጁ።

የተረፈው ቫይረስ

በሽታው ጠፋ ማለት ቫይረሱ የለም ማለት አይደለም። በላቦራቶሪዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀሩ ናሙናዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ከብት ሁሉ በሽታውን አይቶት አያውቅም፤ ልክ እንደ 1880ዎቹ የኢትዮጵያ ከብት ያለ መከላከያ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ናሙናዎቹን ማጥፋት ወይም በጥቂት ፈቃድ ባላቸው ቦታዎች ብቻ ማከማቸት የዘመቻው የመጨረሻ ምዕራፍ ሆኗል። በ2019 የእንግሊዙ የፐርብራይት ተቋም የናሙናዎቹን የዘረመል ቅደም ተከተል አንብቦ በኮምፒውተር ካስቀመጠ በኋላ ብዙ ሺሕ ብልቃጦችን አቃጠለ።

ፈቃድ ካላቸው ቦታዎች አንዱ በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) ይገኛል። የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ የእንስሳት ክትባት ማዕከል የተቋቋመው በዘመቻው ጊዜ የክትባቶችን ጥራት ለመመርመር ነው። ዛሬ በሽታው ቢመለስ ለአህጉሩ የሚሆን የክትባት መጠባበቂያ በማስቀመጥም ያገለግላል። በሽታው ገብቶ ባጠፋት አገር ዛሬ መከላከያው ተቀምጧል።

ቀጣዩ ዒላማ

የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ የደስታ ዘመድ ነው። መጀመሪያ የተገለጸው በ1942 በአይቮሪ ኮስት ሲሆን ዛሬ በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ ይገኛል። በኢትዮጵያም አለ። በግና ፍየል ብዙ ጊዜ የድሃ ቤተሰብና የሴቶች ሀብት ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና ወይም ለክፉ ጊዜ የሚሸጥ ነው። ፋኦና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2015 በአቢጃን ባወጡት ስልት በሽታውን እስከ 2030 ለማጥፋት አቅደዋል።

ከደስታ የተገኙት ትምህርቶች እዚህም ይሠራሉ። ጥሩ ክትባት አለ፤ መከላከያው ለረጅም ዓመታት ይቆያል፤ ሙቀት የሚቋቋም አሠራርም ተዘጋጅቷል። ልዩነቱ በግና ፍየል ከከብት ይልቅ ቶሎ መራባቸው ነው። በየዓመቱ ብዙ ያልተከተቡ ግልገሎች ስለሚወለዱ የመከላከያ ሽፋኑ ቶሎ ይወርዳል። የአንድ በግ ዋጋ ከከብት ስለሚያንስም ባለቤቱና መንግሥት ለክትባቱ የሚያወጡት ገንዘብ አነስተኛ ነው።

ለምን ተሳካ?

ደስታ እንዲጠፋ የተፈጥሮ ጠባዩ ረድቷል። ቫይረሱ ብዙ ዝርያ ቢኖረውም አንድ ክትባት ሁሉንም ይከላከል ነበር። የዳነ ከብት ዳግመኛ አይታመምም፤ ቫይረሱንም በድብቅ ተሸክሞ አይኖርም። የዱር እንስሳት ለዘለቄታው ማከማቻ አልነበሩም። በነፍሳት አይተላለፍም። እነዚህን ሁሉ የሚያሟላ በሽታ ብዙ አይገኝም፤ ለምሳሌ አፍተግር ብዙ ዓይነት ስላለው አንድ ክትባት አይበቃውም።

ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ግን ከመጀመሪያውም የነበረ ነው። የፕላውራይት ክትባት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋጅቶ ሳለ በሽታው እስኪጠፋ ወደ 40 ዓመት ያህል ወስዷል። በመካከል የጎደለው ክትባቱን ሙቀት እንዲችል ማድረግ፣ ወደ መንጋው የሚያደርሰውን ሰው ማግኘትና ያ ሰው የሚያውቀውን ማዳመጥ ነበር።